ፍላጻን ለቀስቱ ማስማማት
በጎንደር ደጋና ቆላ ስለ ተዘነጋ ሙያ የቀረበ አጭር ጥናት

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሁመራ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ የላይ አርማጭሆ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ትክል ድንጋይ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ሳንጃ ቁልቁል ይወርዳል፤ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል። ይህ የደጋና የቆላ መገናኛ ለታሪክ ተማሪ የአየር ለውጥ ብቻ የሚታይበት ቦታ አይደለም። ደገኛው ጦር፣ ጋሻና ጎራዴ፣ በኋላም ነፍጥ ይዞ ወደ ምዕራብ ሲወርድ፣ በታችኛው ቆላ ይጠብቀው የነበረው መሣሪያ ቀስት ነበርና። ነገሥታቱ ዜና መዋዕል አስጽፈዋል፤ ቀስተኞቹ ግን ጸሐፊ አልነበራቸውም። ስለዚህ ስለ ቀስት የምናውቀው ሁሉ ማለት ይቻላል ቀስት ካልያዘው ወገን የተነገረ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ጕድለት በጥቂቱም ቢሆን ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ቀስት በቋንቋና በቤት ዕቃ

«ቀስት» የሚለው ቃል በግዕዝም በአማርኛም አንድ ነው። «ፍላጻ» የሚለው ደግሞ «ፈለጸ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ጋር የሚዛመድ ይመስላል፤ ከተፈለጠ እንጨት የሚወጣ ነገር መሆኑን ያመለክታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የ«ነደፈ» ታሪክ ነው። በግዕዝ ነደፈ ማለት በፍላጻ ወጋ ማለት ነው። በአማርኛ ግን የሚነድፉት ንብና ጊንጥ ናቸው፤ የሚነደፈውም ጥጥ ነው። ጥጥ የሚነደፍበት መሣሪያ ደጋን ይባላል፤ እንጨቱ ጐብጦ ሁለቱ ጫፎቹ በጅማት የተወጠሩ ስለሆነ ከቀስት በቀር ሌላ ነገር አይደለም። የአዝማሪው ማሲንቆ የሚመታበትም ደጋን ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ቀስት ከደገኛው እጅ የወጣው እንደ ጦር መሣሪያ ብቻ መሆኑን ነው። በሥራ ዕቃነቱ በቤት ውስጥ ቀርቷል፤ በቋንቋውም ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

፪. ቀስተኞች በመንግሥት ጦር ውስጥ

ቀስት ከጥንት ጀምሮ የቆላ ሰው መሣሪያ ብቻ ነበር ማለት ስሕተት ይሆናል። ዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344) በ1332 ያደረገውን ዘመቻ የሚተርከው ዜና መዋዕል፣ ከፈረሰኛውና ከባለ ጦሩ ጋር ቀስተኞችን ይጠቅሳል። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ማያ የተባሉት ሕዝብ በመርዘኛ ፍላጻቸው የታወቁ ነበሩ። በዚያ ዘመን ቀስት የሚናቅ ሳይሆን የሚፈራ መሣሪያ ነበር።

የዘመኑን መለወጥ ያበሠረው የ1543 ውጊያ ነው። በየካቲት ወር በጣና ሐይቅ አካባቢ በወይና ደጋ ግራኝ አሕመድ በፖርቱጋሎች ጥይት ተመትቶ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ነፍጥ የነገሥታት መመኪያ ሆነ። ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ቀስት በደጋው የክብር መሣሪያ ከመሆን ርቆ ነበር ለማለት ይቻላል።

፫. በጎንደር ዘመን የቀስት ዋጋ

የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1770 ጎንደር ገብቶ በታኅሣሥ 1771 ወጣ፤ መጽሐፉንም በ1790 አሳተመ። በምዕራቡና በሰሜን ምዕራቡ ቆላ ስለሚኖሩት ሕዝቦች ሰፊ ምዕራፍ ጽፏል። እነዚህ ሕዝቦች፣ ማለት ጉሙዝ፣ ኩናማና ሌሎችም፣ በደገኛው ዘንድ በአንድ የንቀት ስም ተጠቃለው ይጠሩ ነበር። ብሩስ እንደሚተርከው፣ አንድ ወንድ አውሬ በገደለ ቁጥር ከቆዳው ቀለበት ቈርጦ ገና እርጥብ ሳለ በቀስቱ ላይ ያጠልቀዋል፤ ቆዳውም ሲደርቅ ቀስቱን አጥብቆ ይይዘዋል። እንዲህ እየተደረገ ቀለበቱ ሲበዛ ቀስቱ መታጠፍ የማይችል ዱላ ይሆናል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ሌላ ቀስት ይይዛል፤ አሮጌው ግን ሲሞት አብሮት ይቀበራል። እንግዲህ ቀስት ለባለቤቱ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሕይወቱ መዝገብ ነበር።

ይኸው ጸሐፊ ከጎንደር ወደ ስናር ሲመለስ በቆላው ያየውን የዝሆን አደን ይገልጻል። አዳኞቹ ሁለት ሆነው በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ፤ አንደኛው ፈረሱን ሲመራ ሁለተኛው ይወርድና የዝሆኑን ቋንጃ በሰይፍ ይቆርጣል። ከጎንደር መኳንንት ጋር የሚውል አዳኝ ክብሩን የሚፈልገው በቅርብ መትቶ መጣልን ነበር፤ ከሩቅ የሚወረወር ፍላጻ ይህን ክብር አይሰጠውም።

ነገር ግን ቀስት የተናቀበት ምክንያት ይህ ብቻ አይመስለንም። ብሩስ ራሱ እንደ መሰከረው፣ የዳር አገር ገዥዎች በእነዚህ ሕዝቦች ላይ እየዘመቱ አዋቂዎቹን ይገድሉ፣ ልጆቻቸውን ለባርነት ይወስዱ ነበር። ቀስት እንግዲህ ልጁን ለማዳን የሚታገለው ሰው መሣሪያ ነበር። በደገኛው ዓይን ግን የሚታደነው ሰው ምልክት ሆነ። ባሪያ መሆን የሚገባው ተብሎ የተቈጠረ ሰው የሚይዘውን ዕቃ የጨዋ ልጅ ሊይዘው አይወድም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ በቀስቱ ላይ የተጣለው ንቀት ግን በማንኛውም አዋጅ አልተሻረም። ንቀቱም በዕቃው ላይ አልቆመም፤ በዕቃው ውስጥ ያለውንም ዕውቀት ሸፈነው።

፬. የሙያው ምሥጢር

ይህ ዕውቀት ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ለመረዳት፣ ዛሬ በሌላው ዓለም ቀስተኞች ስለ ካርቦን ፍላጻ የሚያደርጉትን ምርመራ ማየት ይጠቅማል።

በጥንታዊ ቀስት ላይ ፍላጻው የሚያርፈው ከመጨበጫው ጎን ነው እንጂ በመካከሉ አይደለም። ጅማቱ ሲለቀቅ ግን ወደ ቀስቱ መካከል ይገፋዋል። ታዲያ ፍላጻው መጨበጫውን ሳይመታ እንዴት ያልፋል? ክላረንስ ሂክማን የተባለው አሜሪካዊ በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ እንዳሳየው፣ ዘንጉ በመነሻው ላይ ይታጠፋል፤ መጨበጫውንም እንደ እባብ ዞሮ ያልፋል፤ ከዚያም እየተርገበገበ ይቃናል። ስለዚህ የዘንጉ ግትርነት ከቀስቱ ጕልበት ጋር መመጣጠን አለበት። በቀኝ እጁ ለሚስብ ሰው፣ ዘንጉ ከልክ በላይ ግትር ከሆነ ፍላጻው ወደ ግራ፣ ከልክ በላይ ልል ከሆነ ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

የካርቦን ዘንግ ግትርነት በቁጥር ይገለጻል። ዘንጉ 71 ሳንቲ ሜትር ያህል በተራራቁ ሁለት መደገፊያዎች ላይ ተጋድሞ በመካከሉ 880 ግራም ይንጠለጠልበታል፤ 12.7 ሚሊ ሜትር ከጐበጠ «500» ይባላል። ቁጥሩ ሲያንስ ግትርነቱ ይበልጣል። ሆኖም ባለሙያው በቁጥሩ ብቻ አይተማመንም። ላባ የሌለውን ዘንግ ወርውሮ ላባ ካላቸው ጋር ያስተያያል፤ ላባ የዘንጉን ጕድለት ይሸፍናልና። ባዶው ዘንግ ወደ ግራ ቢሄድ ጫፉ ላይ ክብደት ይጨምራል፤ ወደ ቀኝ ቢሄድ ዘንጉን በጥቂቱ ያሳጥራል ወይም ጫፉን ያቀልላል። መጨበጫው እስከ መካከሉ ድረስ የተቈረጠለት ሪከርቭ የሚባለው ቀስት ግትር ዘንግ ይችላል፤ ያልተቈረጠለት ረጅሙ ሎንግቦ ግን ብዙ የሚታጠፍ ዘንግ ይፈልጋል።

የቆላው ቀስት እንደ ሎንግቦ ከአንድ እንጨት የሚወጣ ስለሆነ፣ ፍላጻው ይህንኑ ሕግ መታዘዝ ግድ ይሆንበታል። ለዘንግ የሚሆን ነገር በአገሩ አለ። መቃ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቀላል ነው፤ የቆላው ሽመል ግን ከደጋው ቀርከሃ ተለይቶ ውስጡ ድፍን ወይም ወደ ድፍንነት የቀረበ ነው፤ ስለዚህ ይከብዳል። ካርቦኑ በቅርጹ ሲታይ ሰው የሠራው መቃ ነው ቢባል ያስኬዳል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እንጨት ወይም መቃ ቢጠም በእሳት ሞቆ ይቃናል፣ እንጨቱ ግትር ቢሆን ተፍቆ ይላላል። ካርቦን ግን አይሞቅም፣ አይፋቅም፤ ርዝመቱና የጫፉ ክብደት ብቻ ይለወጣሉ። እንግዲህ የካርቦኑ ባለሙያ ሁለት መላ ሲኖረው፣ የቆላው ሠሪ አራት መላ ሊኖረው ይችላል። ሚዛንና ካሜራ ሳይኖረው በዓይኑና በጣቱ ለክቶ የሚሠራ ሰው ዕውቀት የለውም ሊባል አይገባም።

፭. መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው አንድ ነገር እንገነዘባለን። ፍላጻ ብቻውን የተሟላ ዕቃ አይደለም፤ ለአንድ ቀስት፣ ለአንድም ክንድ የተለካ ነው። ፍላጻው ከቀስቱ ተለይቶ በመስታወት ሣጥን ቢቀመጥ፣ ግማሹ የተቀደደ ደብዳቤ ይመስላል። ስለዚህ በዚህ ረገድ የሚሰበስብ ተማሪ ቀስቱንና ፍላጻውን አንድ ላይ ይመዝግብ፤ የእንጨቱን ስም በሠሪው ቋንቋ፣ የዘንጉን ርዝመትና ክብደት፣ የጫፉን ክብደት፣ ዘንጉ ክብደት ሲንጠለጠልበት የሚጐብጠውን ልክ ይጻፍ። ከሁሉ በፊት ግን ሠሪውን «ይህ ፍላጻ ለዚህ ቀስት እንደሚስማማ እንዴት ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቀው። የደጋው ጸሐፊ በእነዚያ ሁሉ ዘመናት ወደ ቆላ ሲወርድ ስንት እንደ ተገደለና ስንት እንደ ተማረከ ቈጥሯል፤ ይህን ጥያቄ ግን አልጠየቀም። በቃል ብቻ የቆየ ዕውቀት ሠሪው ሲሞት አብሮት ይቀበራልና፣ ብሩስ እንደ ገለጸው ባለ ቀለበት ቀስት ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት መጠየቅ የዛሬው ተማሪ ዕዳ ነው።