የሰማያዊው ማርሚታ ታሪክ

ሲያትል ውስጥ ከመሀል ከተማ በቀላል ባቡር ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ስታዲየሞቹን እንዳለፈ ሶዶ ይደርሳል። የባቡር መስመሩ በ2009 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በደቡብ ሲያትል በሬይነር ቫሊ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ሰፈር በመስኮት ሲያዩት ኖረዋል፤ መጋዘን፣ ጋራዥ፣ የብረታ ብረት ወርክሾፕ፣ የጭነት መኪና። መሬቱ ራሱ የሰው ሥራ ነው። ቀድሞ የዱዋሚሽ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃ፣ ሲመለስ ባሕር የሚሆን ረግረግ ነበር። በ1895 አፈር መሙላት ተጀመረና ከወንዙ የተዛቀው ደለልና ከአካባቢው ኮረብቶች የተናደው አፈር እየተደለደለበት የፋብሪካ ሰፈር ሆነ።

የሞተር ብስክሌትም ታሪክ ከዚሁ ዘመን ይነሳል። አምራቾቹ ኢንዲያን በ1901፣ ሃርሊ ዴቪድሰን በ1903 ሲመሠረቱ የሚያብለጨልጨው የሞተር ክፍል በኒኬል የተለበጠ ነበር። ኒኬል ውበት አለው፤ ሲውል ሲያድር ግን ቢጫ እየመታው ይደበዝዛል። ስለዚህ ያን ጊዜ ሞተር መወልወል እንደ ጫማ መጥረግ የዘወትር ሥራ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ክሮም ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኮሊን ፊንክና ቻርልስ ኤልድሪጅ ክሮም የመለበጥን ዘዴ ለገበያ አበቁት፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የአሜሪካ መኪኖችና ሞተሮች አዲሱን መልክ ለበሱ። የሚያስገርመው ስስነቱ ነው። የጌጥ ክሮም ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍል እንኳ አይደርስም። ከሥሩ ያለው ኒኬል ግን ከእሱ ብዙ እጥፍ ይወፍራል፤ ዝገትን የሚከላከለውም በዋናነት እሱ ነው። ክሮሙን በሻካራ ነገር ፈግፍጎ የጨረሰ ሰው ወደ ጥንቱ ቢጫ ችግር ተመለሰ ማለት ነው።

በ1938 የሲያትል ሞተረኞች ኮሳክስ የተባለውን የትርኢት ቡድን መሠረቱ። እየጋለቡ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ይቆማሉ፣ ፒራሚድ ይሠራሉ። ቡድኑ እስከ ዛሬ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ በተሠሩ ሃርሊዎች ነው ትርኢት የሚያሳየው፤ ማርሹ በእጅ፣ ፍሪሲዮኑ በእግር። በዚያው በ1938፣ አሁን ሶዶ በምንለው አካባቢ ጠርዝ በወደቡ በኩል፣ ሥራ ያጡ ሰዎች በቆርቆሮና በጣውላ ቁርጥራጭ የቀለሱት ሁቨርቪል የተባለ መንደር ነበር፤ ከ1931 እስከ 1941 ቆይቶ ፈረሰ። የሞተር ጌጥና የቆርቆሮ ጎጆ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመን ኖረዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ክሮሚየም ለጦር መሣሪያ ተፈለገ፤ ለጌጥ መዋሉ ተገደበ። ከሶዶ ወደ ደቡብ፣ በዱዋሚሽ ዳር የነበረው የቦይንግ ሁለተኛ ፋብሪካ 6,981 ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ሠራ፤ ጣሪያው ከሰማይ ሲታይ የመኖሪያ ሰፈር እንዲመስል የውሸት ቤትና ዛፍ ተተክሎበት ነበር። ሃርሊም ለሠራዊቱ ያቀረባቸውን ሞተሮች የማያብለጨልጭ የወታደር አረንጓዴ ቀባቸው። ከጦርነቱ በኋላ የተመለሱ ወታደሮች ርካሽ የሠራዊት ሞተር እየገዙ ቀለሙን ላጡት፤ የቻለም ክሮም አስለበጠው። በ1969 ኢዚ ራይደር የተባለው ፊልም ሲወጣ ረጅም የክሮም ማርሚታ የነፃነት ምልክት እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

የሰማያዊው ጣጣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጋዝ የማርሚታውን የመጀመሪያ መታጠፊያ ያግለዋል፤ በብረቱ ገጽ ላይም ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠራል። ብርሃን በዚያ ሽፋን ሲመለስ እንደ ውፍረቱ ቀለም ይሰጣል። በማይዝግ ብረት ላይ 290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ፈዛዛ ቢጫ፣ 370 ላይ ደማቅ ቢጫ፣ 450 ላይ ጠቆር ያለ ሐምራዊ፣ 540 ላይ ሰማያዊ ይሆናል። ጠጋ ብሎ ላየው ማርሚታው የሙቀት መለኪያ ነው፤ ከሞተሩ ሥር ሰማያዊ ይጀምርና ወደ ኋላ እየሸሸ ሲሄድ ሐምራዊ፣ ከዚያም የገለባ ቀለም ይሆናል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ፣ የዘገየ የእሳት አሰጣጥ ወይም አየር የሚያስገባ ጋስኬት ሰማያዊውን ያፋጥነዋል። እነዚህ ሳይስተካከሉ መወልወል ከንቱ ድካም ነው፤ ቀለሙ ሞተሩ በጋለ ቁጥር ይመለሳል። አምራቾችም ድርብ ግድግዳ ያለው ማርሚታና የሙቀት ጋሻ ያበጁት ለዚህም ጭምር ነው።

አጸዳዱም እንደ ብረቱ ይለያያል። ዝገት የነካውን ክሮም ውሃ በነካው አሉሚኒየም ፎይል ማሸት ዝገቱን ያስለቅቀዋል፤ አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም። ቀላል ሰማያዊ በደቃቅ የብረት መወልወያ ቅባትና በጥጥ ጨርቅ ይለቃል፤ የከረመው ግን አይወጣም። የማይዝግ ብረት ተራ የብረት ሱፍ ከነካው የሱፉ ብናኝ ላዩ ላይ ይቀርና ይዝጋል። ጥቁር የተቀባ ማርሚታ ደግሞ መወልወል ሳይሆን ሙቀት የሚችል ቀለም ነው የሚሻው። የቲታኒየም ባለቤት ይለያል፤ ሌላው የሚፈገፍገውን ሰማያዊ እሱ ገንዘብ ከፍሎ ያመጣዋል።

ብልጭታው ዕዳም አለው። ለመለበጫ የሚያገለግለው ባለ ስድስት ቫሌንስ ክሮሚየም ካንሰር ያመጣል። አሜሪካ በ2006 ሠራተኛ በሥራ ቦታ አየር የሚተነፍሰውን መጠን ከ52 ወደ 5 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር አወረደች፤ ካሊፎርኒያም በ2023 ለጌጥ የሚውለው ከ2027 ጀምሮ እንዲቆም ወሰነች። የሶዶ ጎረቤት የሆነችው ሃርበር ደሴት በ1983፣ የታችኛው ዱዋሚሽ በ2001 የፌዴራል መንግሥት በቅድሚያ መጽዳት አለባቸው ካላቸው የተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ገብተዋል። ጥፋቱ የክሮም ብቻ አይደለም፤ የመቶ ዓመት ኢንዱስትሪ ድምር ነው።

ስለዚህ በዚህ ከተማ ማርሚታውን የሚያጸዳ አንባቢ የቆሸሸውን ጨርቅና የቅባቱን እጣቢ ከመንገድ ዳር ወዳለው የዝናብ መውረጃ አይድፋ። ከብዙ ሰፈሮች የሚወርደው ጎርፍ ሳይጣራ ወደ ወንዙና ወደ ባሕሩ ይገባል።