ጎዶሎ ጥቅል

ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት በተጫነበት ኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የግዕዝ ፊደል ያስገባል፤ ለምሳሌ «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» የተባለውን። ከየድረ ገጹ መልቀም አያስፈልገውም። ያዝዛል፤ አንድ ፕሮግራም ከማከማቻው አምጥቶ፣ ቦታ ቦታ አስይዞ፣ መዝግቦ ያስረክበዋል። ይህ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ «ፓኬጅ ማኔጀር» ይባላል። በአማርኛ «ጥቅል አስተዳዳሪ» እንበለው።

ጥቅል ማለት የፕሮግራሙ ፋይሎች ከነመሸኛቸው አንድ ላይ ታስረው ነው። መሸኛው ላይ ስሙ፣ የእትሙ ቁጥርና ለፕሮግራሙ ሥራ የግድ የሚያስፈልጉ ሌሎች ጥቅሎች ተዘርዝረዋል። አስተዳዳሪው እንደ ደኅና የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ገቢና ወጪውን ሳይመዘግብ አንዲት ዕቃ አያንቀሳቅስም። እ.ኤ.አ. በ1993 በተመሠረተው የሊኑክስ ሥርዓት ዴቢያን ውስጥ ጥቅሉን የሚፈታውና የሚመዘግበው «ዲፒኬጂ» ነው። ከ1998 ወዲህ ደግሞ «ኤፒቲ» ከማከማቻው እያመጣ፣ መሸኛው የሚጠይቀውን ሁሉ እያሟላ ያቀርብለታል። በ2004 የወጣው ኡቡንቱ ሁለቱንም ወርሷል።

ጭነት መሐል ላይ ሲቋረጥ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በእስራኤሏ አሽቀሎን ለሚኖር ወገን ከሌላው ይልቅ ቅርቡ ነው። ከተማዋ የጋዛ ሰርጥ ጎረቤት ናት። የሮኬት ማንቂያው ሲጮህ ማማድ (የቤት ውስጥ መጠለያ ክፍል) ወይም ሚክላት (የጋራ መጠለያ) ለመግባት የሚሰጠው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ማሻሻያ እየጫነ የነበረ ላፕቶፕ ክዳኑ ይዘጋል፣ ባትሪው ያልቃል ወይም መብራት ይሄድበታል። ለኮምፒውተር ብሎ ማንም አንዲት ሰከንድ አይቆይ፤ ጥሎት ይሂድ። የሚቋረጠው ሥራ የሚጠገን ነውና።

ለምን እንደሚጠገን እንይ። ዲፒኬጂ የእያንዳንዱን ጥቅል ደረጃ በመዝገቡ ይጽፋል፤ «ተፈትቷል»፣ «ውቅሩ በከፊል አልቋል»፣ «ተጭኗል» እያለ። ሥራው መሐል ላይ ሲቆረጥ ጥቅሉ ከነዚህ በአንዱ ደረጃ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ መዝገቡም የት እንደቆመ ያውቃል። በማግስቱ አዲስ ነገር ለመጫን ሲሞከር ኤፒቲ የዲፒኬጂ ሥራ መቋረጡን ይናገራል፤ እዚያው መልእክት ውስጥ መጻፍ ያለበትን ትእዛዝም ቃል በቃል ያስቀምጣል። ትእዛዙ «ዲፒኬጂ» እና «ኮንፊገር» የሚሉት ቃላት ያሉበት ነው። እንዳለ ገልብጦ ማስገባት ነው፤ ከቆመበት ይቀጥላል። ብዙ ሰው ግን መልእክቱን ሳያነብ መስኮቱን ይዘጋል፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ብሮክን ፓኬጅ» የሚለው ነው። ቃል በቃል «የተሰበረ ጥቅል» ይሆናል። እኔ «ጎዶሎ ጥቅል» የሚለውን እመርጣለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሉ ራሱ ደኅና ነው፣ የሚደገፍበት ሌላ ጥቅል ነው የጠፋው ወይም እትሙ ያልገጠመው። ተሰበረ የተባለ ሰው ሁሉን ጠርጎ ሥርዓቱን እንደ አዲስ ይጭናል። ጎደለ የተባለ ግን ምን ጎደለ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ከመልእክቱ ውስጥ አለ፤ የጥቅሉ ስምና የሚፈልገው እትም ተጽፏል። ከዚያ ኤፒቲን «ፊክስ ብሮክን» በሚለው ማዘዝ ነው፤ የጎደለውን ፈልጎ ለመሙላት ይሞክራል።

«ሎክ» ወይም ቁልፍ ተይዟል ሲልም መደንገጥ አያስፈልግም። ኡቡንቱ የደኅንነት ማሻሻያዎችን ከበስተጀርባ በራሱ ይጭናል፤ መዝገቡን ይዞ ያለው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው። ጥቂት መታገሥ ይበቃል። የቁልፉን ፋይል አጥፉት የሚል ምክር ቢሰጥዎ አይቀበሉ፤ ሁለት ጸሐፊ ባንድ ጊዜ አንድ መዝገብ ላይ ከጻፈ ያኔ በእርግጥም ይበላሻል። ዲስክ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ «አውቶሪሙቭ» የሚለው የኤፒቲ ትእዛዝ የቆዩትን ከርነሎች (የሥርዓቱን እምብርቶች) ያነሣል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይጠንቀቁ። በኖቬምበር 2021 በወጣ ቪዲዮ ላይ ካናዳዊው የዩቲዩብ አቅራቢ ሊነስ ሴባስቲያን፣ ኡቡንቱን መሠረት ባደረገው ፖፕ ኦኤስ ላይ ስቲም የተባለውን የጨዋታዎች ፕሮግራም ሊጭን ሞከረ። በጥቅሉ ላይ በነበረ ጉድለት ምክንያት ኤፒቲ ዴስክቶፑን ራሱን ሊያነሣ እንደሆነ አስጠነቀቀው፤ ለመቀጠል አንድ የማረጋገጫ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍም ጠየቀው። ጻፈው፤ ዴስክቶፑ ጠፍቶ ባዶ የጽሑፍ ገጽ ቀረ። ከዚያ በኋላ የኤፒቲ ሠሪዎች ያን ዓረፍተ ነገር በመጻፍ ብቻ እንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ መግባት እንዳይቻል አደረጉ። የሚነሡት ጥቅሎች ዝርዝር ዛሬም ከማረጋገጫው ጥያቄ በፊት ይወጣል፤ በእንግሊዝኛው «ሪሙቭድ»፣ በአዲሶቹ የኤፒቲ እትሞች ደግሞ «ሪሙቪንግ» የሚለው ቃል በትልልቁ ፊደል ተጽፎበታል። እርሱን ሳያነቡ «ዋይ» አይጫኑ።