ታቦቱ ከወጣ በኋላ የቀረው ግንብ

ከሮብ ገበያ ተነስቶ ጮቄን ለተሻገረ ሰው፣ በእነብሴ ሳር ምድር የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ይቆየዋል። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ንግሥቲቱ በጎጃም ስላሠሯት ቤተ ክርስቲያንና በወርቅ ስላጌጠው መንበሯ ጽፏል። በግራኝ ጦርነት ተቃጠለች። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በተጠረበ ድንጋይ መልሰው ገነቧት።

አፄ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን ከአገር ሲያስወጡ፣ ግንቡን የካቶሊክ ሥራ ነው ብሎ ለመናድ ምክንያት አልጠፋም ነበር። ሆኖም ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ሲደርስ፣ ቅርጹ ከድንጋዩ አልጠፋም። ቤክ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1847 አሳተመ። እኔ ለዚህ ግንብ መትረፍ ትልቅ ዋጋ እሰጣለሁ፤ ጣሪያ ባይኖረውም የሦስት ዘመን ሰነድ ነውና።

አስመራ ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። የጥንቷ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በአክሱማውያን ስልት ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የተሠራ ሲሆን፣ የአግዳሚዎቹ ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብሎ ይታይ ነበር። የጀርመን የአክሱም ጉዞ አባላት እ.ኤ.አ. በ1906 ለክተው ነደፏት። እ.ኤ.አ. በ1920 በአዲስ ለመተካት ፈረሰች። ዛሬ የምናውቃት ከዚያ ንድፍ ነው።

አፍራሹን በጥላቻ መክሰስ ፍርድ ማጉደል ነው። በእኛ ሥርዓት ቤቱን የሚያከብረው ታቦቱ ነው፤ ታቦቱ ወደ አዲሱ መቅደስ ከገባ አሮጌው ለምእመኑ ባዶ ግድግዳ ነው። ገንዘቡ የሚዋጣው፣ ድንጋዩ በጫንቃ የሚጋዘው ከፍቅር የተነሣ ነው። ችግሩ ያለው ግድግዳው ላይ ነው። በጎጃም ክብ አብያተ ክርስቲያናት ብዙው ሥዕል የተሣለው በጨርቅ ላይ ሆኖ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ጭቃው በዶማ ሲመታ ጨርቁ ይቀደዳል፤ ያሣለው ባላባት ስምም፣ በሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ የተሣለው መልኩም አብሮ ይሄዳል። ይህን የሚተካ ሲሚንቶ የለም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገን እንኳ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል። ከአዋጁ በፊትም ግን መፍትሔው በቤተ ክህነቱ ቅጥር ውስጥ ነበር። አክሱም ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰፊውን ጽዮን ማርያም ሲያሠሩ አፄ ፋሲለደስ ያሠሯትን አላፈረሱም፤ አዲሱ ከጎኗ ቆመ። ደብረ ዳሞ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዛዊው አርክቴክት ማቲውስ መሪነት ሲጠገን፣ የደከመው እንጨት በአዲስ ተተክቶ የጥንቱ አሠራር እንደ ነበረ ቀረ፤ መነኮሳቱም በዚያው ቤት መቀደሱን ቀጠሉ።