ዜና ለገሰ ተፈራ ወበዛብህ ጴጥሮስ

በ1969 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኀ ሐምሌ የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ታንኩንና መድፉን አሰልፎ ኦጋዴንን ወረረ። ይህን ዜና የምንጽፈው በጊሼ ራቤል ሆነን ነው፤ ከመንዝ ደጋ በእናት ሀገር ጥሪ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብቶ፣ ነፍጥ ተቀብሎ ወደ ምሥራቅ የወረደ ገበሬ ብዙ ነውና። ያ ገበሬ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ሲሰለፍ ከራሱ በላይ የሚከላከልለት አየር ኃይሉ ነበረ።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ መሣሪያ መስጠት አቁማ ነበርና መለዋወጫ ጠፋ። ጠላት ግን ከሞስኮ ያገኘው ሚግ 21 እና ሚግ 17 ነበረው። የደብረ ዘይት ልጆች በጥቂት ኤፍ 5 ተነሡ፤ አፍንጫው ላይ ሁለት መድፍ፣ በየክንፉ ጫፍ አንድ አንድ ሚሳይል የሚይዝ ቀጭን አውሮፕላን ነው። ከእነርሱም መካከል ለገሰ ተፈራና በዛብህ ጴጥሮስ ነበሩ። በምሥራቁ ሰማይ ተጋጠሙ፤ ሚጎቹም እየነደዱ ወደቁ። ከሁሉ አብልጦ የጣለው ለገሰ እንደ ሆነ ጓዶቹ ይመሰክሩለታል።

ለገሰም አውሮፕላኑ ተመትቶ በጠላት እጅ ወደቀ። የካቲት 26 ቀን 1970 የካራማራ ድል ሲበሰር እርሱ በሶማሊያ ወህኒ ነበረ፤ እልልታውን አልሰማም። 11 ዓመት ታሰረ። በ1980፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ ምርኮኞች ተለዋወጡ፤ ለገሰም ወደ አገሩ ገባ፣ የጀግና ሜዳይ ተሸለመ፣ ጄኔራልም ተባለ። ደርግ በደሉ ብዙ ነው፤ ምርኮኛውን ግን በስምምነቱ አስገብቶ ተቀብሏል።

በዛብህን ደግሞ በኤርትራው ጦርነት ሻዕቢያ ማረከው፤ ዓመታት አስሮም ለቀቀው። ተመልሶ ወጣት አብራሪዎችን አስተማረ። በ1990፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲዋጉ፣ ግንቦት 29 ቀን፣ ኮሎኔል ሆኖ ሳለ፣ ሚግ 23 ይዞ አሥመራን ሊደበድብ ተላከ። የዚያን አገር እስር አንድ ጊዜ ቀምሶ ያውቃል፤ እያወቀ ሄደ። ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት እኔ አላውቅም። አውሮፕላኑ ተመታ፤ በጃንጥላ ወረደ፤ ሕዝብ ከበበው፤ ሁለተኛም ተማረከ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ምርኮኞችም በየጊዜው ተመለሱ፤ በዛብህ ግን አብሯቸው አልመጣም። ሐምሌ 2 ቀን 2010 በአሥመራ ዳግም ሰላም ተፈረመ፤ ሐምሌ 11 ቀንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኞችን ጭኖ እዚያው አረፈ። ሰው አለቀሰ፣ ተቃቀፈ፤ እኛም ደስ አለን። ነገር ግን ከፊርማው በፊት ሊጠየቅ ይገባ የነበረው ስም የእርሱ ነበረ። ዛሬም አልረፈደም፤ በሕይወት ካለ ይመለስ፣ ሞቶም ከሆነ የአሥመራ ሹሞች አጽሙን ለልጆቹ ይስጡ።