የሚነዱበት ሐውልት

በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ጠረፍ ታኅሣሥና ጥር የበጋ ወራት ናቸው። ያን ጊዜ ባለሞተር ብስክሌቶች በአንድ ወገን ባሕሩን፣ በሌላው ወገን ገደሉንና ደኑን እያዩ፣ 243 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው በታላቁ የውቅያኖስ መንገድ ላይ ይጎርፋሉ። ይህን ጎዳና ከ1919 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) የሠሩት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ 3000 ያህል ወታደሮች ናቸው። አለቱን በዶማና በፈንጂ እየናዱ፣ አፈሩን በፈረስ ጋሪ እያጋዙ፣ በድንኳን እያደሩ፣ በጦር ሜዳ ለወደቁት ጓዶቻቸው መታሰቢያ አቆሙ፤ ሥራው ለተመላሹ ወታደር የዕለት እንጀራም ሆነው። ከመካከላቸው በዚያው ሥራ ላይ ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። ዛሬ መንገደኛው የሚያደንቀው እያንዳንዱ ጠመዝማዛ በእነርሱ ላብ የተቀረጸ ነው። ስለሆነም የመልክዓ ምድሩን ውበት አወድሶ የሠሪውን እጅ የዘነጋ ብዕር ታሪኩን በግማሽ ጽፏል።