የነፃና የክፍያ ቴሌቪዥን አገልግሎት፦ በሆሳዕና እንዲሁም በሀዲያና በከምባታ ዞኖች ከተሞች ለሚኖሩ ተገልጋዮች

ይህ መረጃ በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫና በአካባቢያቸው በሚገኙ ከተሞች የቴሌቪዥን አገልግሎት ለማስገባት ወይም የያዙትን ለመቀየር ለሚያስቡ ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። በገበያው ነፃ እና የክፍያ የሚባሉ ሁለት አገልግሎቶች ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ሁለቱም ዲሽና መቀበያ ሳጥን የሚጠይቁ በመሆናቸው በግዢ ወቅት ልዩነታቸው በቀላሉ አይታይም። ተገልጋዩ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነጥብ ግን የሚከተለው ነው፦ የአገር ውስጥ ነፃ ጣቢያዎችን ለመመልከት ወርሃዊ ክፍያ አያስፈልግም። የክፍያ አገልግሎት የሚጠቀም ቤተሰብም የደንበኝነት ጊዜው ባለቀ ቁጥር ከዜናና ከሕዝብ ማስታወቂያ እንዳይቆራረጥ የነፃውን መቀበያ ይዞ መቆየቱ ይጠቅመዋል።

ነፃ አገልግሎት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሥርጭቱ ለተመልካች ይደርስ የነበረው ከማሰራጫ ማማ ተነሥቶ በአንቴና አማካይነት ነበር። ይህ የምድር ሥርጭት ይባላል። የምድር ሞገድ በተራራና በሸለቆ ስለሚጋረድ ወጣ ገባ በሆነ መልክዓ ምድር ሁሉም ቤት እኩል አይደርሰውም። በዚህም ምክንያት ዲሽ በስፋት ተለምዷል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በተሰኘው የጋራ መድረክ፣ ኤንኤስኤስ 12 በሚባለው ሳተላይት በኩል ይተላለፋሉ። ተገልጋዩ ወጪ የሚያደርገው ለዲሹ፣ ለኤልኤንቢው፣ ለሪሲቨሩና ለገጠማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካርድ ወይም የደንበኝነት ውል አይጠየቅም። ጣቢያዎቹ የሚተዳደሩት በዋናነት በማስታወቂያ ገቢ ወይም በመንግሥት በጀት ነው።

የክፍያ አገልግሎት

ዲኤስቲቪን የመሳሰሉ የክፍያ አገልግሎቶች በዲኮደርና በስማርት ካርድ የሚሠሩ ሲሆን ሥርጭታቸው የተቆለፈ ነው። ደንበኛው በመረጠው ጥቅል መጠን በየጊዜው ይከፍላል፤ ክፍያው ሲቋረጥ የጥቅሉ ጣቢያዎች ይዘጋሉ። ደንበኛ የሚስቡት በዋናነት በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግና በፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮም የእግር ኳስ ጨዋታዎች በአማርኛ ዘገባ መቅረብ ጀምረዋል።

ነፃ ጣቢያዎች ይህን ውድድር የሚቋቋሙት ለተመልካቹ በሚቀርብ ይዘት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ተክቶ ያለ ክፍያ በማቅረቡ በአጭር ጊዜ ብዙ ተመልካች ማግኘቱ ለዚህ ማሳያ ነው። በሀዲይኛና በከምባትኛ የሚዘጋጁ ፕሮግራሞችም የገበያ ስፋታቸው ውስን በመሆኑ ከደንበኝነት ክፍያ ይልቅ በነፃ ሥርጭት ላይ የሚመሠረቱ ናቸው። ነፃ መቀበያ የሌለው ቤት እነዚህን የማግኘት ዕድሉ ይጠብባል።

የዲሽ አቅጣጫ

ሁለቱ አገልግሎቶች የሚተላለፉት በተለያዩ ሳተላይቶች ነው። ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ከሆሳዕና ሲታይ ዲሹ ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ ከአድማስ በላይ ወደ 66 ዲግሪ ገደማ መቃናት አለበት። ዲኤስቲቪ ለአካባቢያችን የሚጠቀምበት ሳተላይት በምሥራቅ 36 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ዲሹ ወደ ሰማይ ቀና ሊል ጥቂት ይቀረዋል። በአንጻሩ ቀደም ሲል ለናይልሳት የተተከለ ዲሽ የሚያየው ወደ ምዕራብ ነው። በመሆኑም ለክፍያ አገልግሎት ሲባል የነፃው ዲሽ እንዲዞር ከመፍቀድ ይልቅ ሁለተኛ ዲሽ ማስተከል ይመከራል።

ዲጂታል የምድር ሥርጭትና የሌሎች አገሮች ልምድ

እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቫ የተደረሰው ስምምነት አፍሪካን ጨምሮ በዕቅዱ ቀጣና የሚገኙ አገሮች ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የምድር ሥርጭት እንዲሸጋገሩ እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 2015ን ዋና ቀነ ገደብ አድርጎ ነበር። ዲጂታል ሥርጭት አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዝ በነበረው የሞገድ ቦታ በርካታ ጣቢያዎችን ማስተላለፍ ያስችላል። በዚህ ሥርጭት ላይም ነፃውና የክፍያው ሊወዳደሩ ይችላሉ።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የክፍያ የምድር ቴሌቪዥን በ2002 ከስሮ ተዘግቷል፤ በዚያው ዓመት ፍሪቪው የተሰኘው ነፃ አገልግሎት ቦታውን ተክቶ ተስፋፍቷል። በጎረቤት ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ በዲጂታል ሽግግሩ ላይ በተነሣው ውዝግብ ታላላቅ የግል ጣቢያዎች ለሳምንታት ከሥርጭት ውጪ ሆነው ነበር። ከሁለቱም የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው፤ ነፃ ጣቢያዎችን በክፍያ ሳጥን በኩል ብቻ የሚያገኝ ተመልካች ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ውዝግብ ሲነሣ በቀላሉ ይጎዳል።

ከመግዛትዎ በፊት

1. የሚሸጥልዎ ሪሲቨር ነፃ ነው ወይስ ካርድ የሚጠይቅ? ምላሹ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።
2. ለክፍያ አገልግሎት የጥቅሉን ስም፣ የጣቢያዎቹን ዝርዝርና ክፍያው የሚሸፍነውን ጊዜ አስቀድመው ይወቁ።
3. ነፃ ጣቢያ ለመክፈት በየወሩ ገንዘብ የሚጠይቅ የዲሽ ሠራተኛ ካጋጠመዎ አይክፈሉ።
4. በደቡብ አፍሪካ ከሚኖሩ ቤተሰቦች ዲኮደር የሚላክልዎ ከሆነ የደንበኝነት ውል በአገር የተወሰነ መሆኑን ይገንዘቡ፤ ከመላኩ በፊት እዚህ ከሚገኝ ሕጋዊ ወኪል ያረጋግጡ።
5. ኳስ በክፍያ ለሕዝብ የሚያሳይ ቤት ለመክፈት የመኖሪያ ቤት ደንበኝነት በቂ አይደለም፤ ከአቅራቢው ጋር የንግድ ውል መፈጸም ያስፈልጋል። የብሮድካስት ድርጅቶች መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ተደርጎለታል።

መብትና አቤቱታ

በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከግዢው ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ስለሆነም ደረሰኙን፣ የውሉን ቅጂና የዋስትና ወረቀቱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሻጩ ምላሽ ካልሰጠ አቤቱታው በሚኖሩበት ከተማ ወይም ወረዳ ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። የሥርጭት ይዘትን የሚመለከት ቅሬታ ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ሥልጣን ለተሰጠው ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ይቀርባል።