የፖለቲካ ፓርቲዎችና የፓርቲ ሥርዓት ዕድገት በኢትዮጵያ

የፖለቲካ ፓርቲ ማለት ዜጎች በአንድ ፕሮግራም ዙሪያ ተሰባስበው የመንግሥት ሥልጣንን ለመያዝ ወይም በሥልጣን አመራር ላይ ተሳታፊ ለመሆን የሚያቋቁሙት ድርጅት ነው። የፓርቲ ሥርዓት የሚባለው ደግሞ ፓርቲዎች እርስ በርሳቸው፣ ከመራጩ ሕዝብና ከመንግሥት መዋቅር ጋር የሚኖራቸው ግንኙነት የሚመራበት ሥርዓት ነው። በመሆኑም የተመዘገቡ ፓርቲዎች ቁጥር መብዛት ብቻውን የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት መኖርን አያረጋግጥም። በኢትዮጵያ ባለፉት ዘጠና ዓመታት የታየው ሂደት ዋነኛው ጥያቄ የፓርቲና የመንግሥት ድንበር የት ላይ ይሰመር የሚለው እንደሆነ ያሳያል። ይህ ጥያቄ በየደረጃው የሚገኙ የመንግሥት ሠራተኞችንና ኃላፊዎችን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

ያለ ፓርቲ የተመሠረተ ፓርላማ

በኢትዮጵያ ፓርላማ ከፓርቲ ቀድሞ የተቋቋመ ተቋም ነው። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን ሲያቋቁም የመጀመሪያው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ፣ የሁለተኛው ምክር ቤት አባላት ደግሞ በመኳንንቱና በሹማምንቱ የሚመረጡ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ እንዲመረጡ በመደንገጉ የመጀመሪያው ምርጫ በ1949 ዓ.ም. ተካሂዷል።

ይሁን እንጂ ዕጩዎች የሚወዳደሩት በግላቸው ነበር። ለዕጩነት ለመብቃት ንብረት ማፍራት ግዴታ ሲሆን፣ ፓርቲ የሚቋቋምበት ሕግም አልነበረም። የተለየ ልምድ የነበራት በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር የቆየችው ኤርትራ ነበረች። በዚያ የአንድነት ፓርቲንና የሙስሊም ሊግን የመሳሰሉ ድርጅቶች ተደራጅተው ይከራከሩ ነበር። በ1945 ዓ.ም. የተጀመረው ፌዴሬሽን በ1955 ዓ.ም. ሲያበቃ ይህ ልምድም ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ሳይሸጋገር ቀርቷል።

በስውር የተመሠረቱ ድርጅቶች

ሕጋዊ በር በመዘጋቱ ቀደምት ኅብረ ብሔራዊ ፓርቲዎች የተመሠረቱት ከተማሪዎች እንቅስቃሴ፣ ያውም በውጭ አገር ነው። የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) በ1960 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) መሥራች ድርጅት ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በአውሮፓ ተመሥርተዋል። ሁለቱም ሕልውናቸውን ለሕዝብ ይፋ ያደረጉት ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ነበር። የሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ (ሕወሓት) በየካቲት 1967 ዓ.ም. የትጥቅ ትግል ሲጀምር፣ ሌሎች በብሔር የተደራጁ ንቅናቄዎችም በዚያው ዘመን ተፈጥረዋል።

እነዚህ ድርጅቶች በድብቅ መወለዳቸው በባሕርያቸው ላይ አሻራውን ጥሏል። ጥብቅ ዲሲፕሊን፣ ምሥጢር ጠባቂነትና የተለየ ሐሳብ ያለውን እንደ ጠላት የማየት ዝንባሌ የጋራ መለያቸው ሆነ። ደርግ፣ መኢሶንና ኢሕአፓ የገቡበት ግጭት በቀይ ሽብር ዘመን የበርካታ ወጣቶችን ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ ልዩነትን በክርክር የመፍታት ዕድል ለረጅም ጊዜ ተዘግቷል።

የነጠላ ፓርቲ ሥርዓት

ደርግ በ1969 ዓ.ም. አምስት ድርጅቶችን በኢትዮጵያ ማርክሲስት ሌኒኒስት ድርጅቶች ኅብረት (ኢማሌድኅ) ለማሰባሰብ ያደረገው ሙከራ አልሰመረም። በ1972 ዓ.ም. የፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን (ኢሠፓአኮ) ተቋቁሞ፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት ክብረ በዓል ዋዜማ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ተመሠረተ። በጥር 1979 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበው ሕገ መንግሥት ፓርቲውን የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ ኃይል አድርጎ አስቀመጠው። የፓርቲው ዋና ጸሐፊ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት፣ የክፍለ አገር የፓርቲ ተጠሪም ከመንግሥት አስተዳዳሪው የላቀ ተሰሚነት ያለው ነበር።

በዚህ ሥርዓት የፓርቲና የመንግሥት ድንበር በሕግ ጭምር ተወግዷል። የካቲት 1982 ዓ.ም. ፓርቲው ስሙን ወደ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ ለመለወጥና ቅይጥ ኢኮኖሚን ለመቀበል ቢወስንም፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ፈርሷል። ከመንግሥት ተለይቶ የሚቆምበት መሠረት ስላልነበረው ከመንግሥት ውድቀት ሊተርፍ አልቻለም።

ሕጋዊ ዕውቅና ያገኘው መድብለ ፓርቲ

ከሰኔ 24 ቀን 1983 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ጉባኤ ያጸደቀው ቻርተር የመደራጀት መብትን አረጋገጠ። የፖለቲካ ፓርቲዎች የሚመዘገቡበት አዋጅ ቁጥር 46/1985 እና የምርጫ አዋጅ ቁጥር 64/1985 ተከታትለው ወጡ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን፣ በአንቀጽ 56 ደግሞ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች መንግሥት እንደሚመሠርቱ ደነገገ።

የምዝገባ መስፈርቱ ከጊዜ ወደ ጊዜ ጠብቋል። በአዋጅ ቁጥር 573/2000 ለአገር አቀፍ ፓርቲ 1 ሺህ 500፣ ለክልል ፓርቲ 750 መሥራች አባላት ይጠየቁ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ቁጥሩን በቅደም ተከተል ወደ 10 ሺህ እና 4 ሺህ አሳድጎታል።

የምርጫ ሥርዓቱ ውጤት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳደሩት መካከል ብልጫ ያለው ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ፈረንሳዊው ምሁር ሞሪስ ዱቬርጄ ይህ ዓይነቱ ሥርዓት ወደ ሁለት ፓርቲዎች ውድድር እንደሚያመራ ጽፈዋል። በኢትዮጵያ ግን የታየው የአንድ ኃይል የበላይነት ነው። ለዚህም የተፎካካሪዎች መከፋፈል፣ የፖለቲካ ምኅዳሩ መጥበብና ገዥው ግንባር እስከ ቀበሌ በዘረጋው መዋቅር ያገኘው ብልጫ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ።

የግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ከቀደሙት ሁለት ጠቅላላ ምርጫዎች የተለየ ፉክክር የታየበት ነበር። ከ547 መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አግኝተዋል። በአዲስ አበባ ከመርካቶ እስከ የካና አያት ያሉትን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎችም 137ቱን ቅንጅት አሸንፏል። ከምርጫው በኋላ በተፈጠረው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ የቅንጅት አመራሮች ታሰሩ፤ ፓርቲውም የከተማዋን አስተዳደር ሳይረከብ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. ተፎካካሪ ፓርቲዎች ያገኙት አንድ መቀመጫ ብቻ ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሁሉንም መቀመጫዎች ወስደዋል።

አውራ ፓርቲ የሚለው አገላለጽ የተለመደው በዚህ ጊዜ ነው። በጃፓን ከ1955 እስከ 1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያለማቋረጥ የገዛው ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ በአብነት ይጠቀስ ነበር። ሆኖም በጃፓን ተፎካካሪዎች በምክር ቤቱ ጉልህ ድርሻ ነበራቸው፤ ገዥው ፓርቲም ሥልጣን የለቀቀው በድምፅ ተሸንፎ ነው። የ2007 ዓ.ም. ምክር ቤት አንድም ተፎካካሪ ያልነበረበት በመሆኑ ቅሬታ የሚደመጥበት መድረክ ጠብቦ፣ ብዙም ሳይቆይ ተቃውሞው በአደባባይ ተገልጿል።

ከግንባር ወደ ውሕደት

የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባላት ሲኖሩት አራቱ አባል ድርጅቶች እኩል 45 መቀመጫ ይይዙ ነበር። በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላና በሐረሪ የሚያስተዳድሩት አጋር ድርጅቶች ግን በግንባሩ ውስጥ ድምፅ አልነበራቸውም። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በውጭ የነበሩ ድርጅቶች ወደ አገር ውስጥ ገብተዋል። በ2012 ዓ.ም. ከሕወሓት በስተቀር ሦስቱ የግንባሩ አባላትና አምስቱ አጋር ድርጅቶች ተዋሕደው የብልጽግና ፓርቲን መሥርተዋል። ሕወሓት ከውሕደቱ ውጭ የቀረበት ልዩነት በ2013 ዓ.ም. ወደ ተጀመረው ጦርነት ካመሩት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይና በሌሎች አካባቢዎች ባልተካሄደው ምርጫ፣ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አግኝተዋል።

የመንግሥት ሠራተኛው ሚና

በመድብለ ፓርቲ ሥርዓት መንግሥት የሚመሠርቱ ፓርቲዎች ይለዋወጣሉ፤ አገልግሎት ግን አይቋረጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊት ተግባሩን ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ በሆነ አኳኋን እንዲያከናውን ያዛል። የምርጫ ሕጎችም የመንግሥትን ሀብት ለፓርቲ ቅስቀሳ መጠቀምን ይከለክላሉ። የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ዜጋ የመምረጥና የመደራጀት መብት ያለው ሲሆን፣ በሥራ ገበታው ላይ ግን ባለጉዳዩን በፓርቲ አባልነት ሳይለይ የማስተናገድ ግዴታ አለበት።

የቢሮ ተሽከርካሪ፣ የስብሰባ አዳራሽ፣ የሥራ ሰዓትና የዕድገት ውድድር የፓርቲና የመንግሥት ድንበር በየዕለቱ የሚፈተንባቸው ናቸው። አዋጆች ድንበሩን በጽሑፍ አስቀምጠዋል፤ ሥርዓቱ ግን የሚጸናው አንድ ፓርቲ በምርጫ ተሸንፎ ሌላው ሲረከብ ወረዳው በማግሥቱ እንደወትሮው በሩን ከፍቶ ማገልገል ሲችል ነው።